ከታችኛው ማሳ ሲታይ

አንድ ሰው ነበረ፤ አፈር ይወዳል ሲሉት ሰምቶ አፈርን የወደደ።

አንማው፣ ትናንት ከላይ ማሳህ ወርደህ ደጄ ላይ ተቀምጠህ ለጠየቅኸኝ ጥያቄ መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ነው። «ሰው አፈር ጠባቂ ነኝ ብሎ ራሱን ካመነ፣ ዘበኛ ሳይቆምበት፣ ሳይቀጣና ሳይሸለም አይጠብቅም ወይ?» ነበር ያልኸኝ። የተፋሰስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከሆንህ ወዲህ ለየቤቱ በር የሚሆን ቆርቆሮ አስቆርጠሃል፤ አረንጓዴ ቀለም አስቀብተህ «የአፈር ጠባቂ ቤት» ብለህ አስጽፈሃል። የመጀመሪያውን በገዛ በርህ ላይ ልትመታው እንደሆነም ነግረኸኛል። ትናንት ዝም ያልሁህ ንቄህ አይደለም። እኔ ፈሪ ሽማግሌ ነኝ፤ ቃል ከአፌ ሳላወጣ ደጋግሜ አገላብጠዋለሁ። ዛሬ ግን ተመልሰህ መጥተሃል፤ ቁጭ በል። መልሴ አዎ፣ ይጠብቃል ነው። ነገር ግን እፈራለሁ። የምፈራው ምን እንደሆነ እንዲገባህ የሰውየውን ነገር ልንገርህ።

ሰውየው እንደኔና እንዳንተ ገበሬ ነበረ። ማሳው ተዳፋት ላይ ነው። ከበላዩ ራሰ በራ ተራራ አለ። ከበታቹ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ማሳና ቤት አለ፤ ከእሷም በታች ወንዙ። ስም ሳይወጣለት በፊት ደግም ክፉም የሚባል ሰው አልነበረም። የተናደ እርከን አይቶ ያልፋል። አዝመራው ሲሰበሰብ ከብቱን ማሳው ላይ ለቅቆ እንደፈለገ ያስረግጣል። ሰው ሁሉ እንዲያ ነበርና ማንም አልወቀሰውም።

አንድ ዓመት ታዲያ አገሩ በሙሉ ለእርከን ሥራ ወጣ። ይህ ሰው ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ሲሄድ ከወረዳ የመጣ ባለሙያ አየው። በስብሰባው ላይ አስነሣውና «እንዲህ ያለው ሰው ነው የአፈር አባት የሚባለው» አለ። ሰው አጨበጨበ። ሳቅም ነበረበት፤ ድንጋዩን የተሸከመው እሱ ብቻ አልነበረምና። ስሙ ግን ተጣበቀበት። በገበያም በሰንበቴም የአፈር አባት ይሉት ጀመር።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ ስማ፤ ለጥያቄህ አዎ ያልሁህ በዚህ ነው። ስሙ ሰውየውን ለወጠው። በሰሞኑ በመንገድ ሲያልፍ ከእርከን ላይ ተንከባልሎ የወደቀ ድንጋይ አየ። ቀድሞ ቢሆን ተሻግሮት ይሄድ ነበር። ያን ቀን ግን የአፈር አባት አይቶ አለፈ እንዳይሉት ፈራና አጎንብሶ ወደ ቦታው መለሰው። ሌላ ቀን ደግሞ ማንም በሌለበት ስፍራ መለሰ። ኋላማ ሰው ይየው አይየው ማሰቡንም ተወ። ከብቱን አስሮ መቀለብ ያዘ። በእርከኑ ጫፍ ላይ ሳር ተከለ። ሚስቱ ለማገዶ ከምትጠፈጥፈው ኩበት ከፊሉ ለማሳው እንዲቀር ለመናት፤ እሷም «ስም ያወጡልህ ሰዎች ምነው ማገዶም ቢያወጡልህ» እያለች ተወችለት። አንዱ ሥራ ሌላውን እየጠራ ማሳው ጠቆረ፣ ወፈረ። ያዘዘው የለም። ሰው ነኝ ያለውን ነገር ለመሆን ይሮጣል፤ ይህን አልክድህም።

ነገር ግን ስም እንደ አዲስ ልብስ ነው፤ የለበሰው ጭቃ ይፈራል። ሰውየው መጀመሪያ አፈሩ እንዳይሄድበት ነበር የሚፈራው። ቀስ እያለ ስሙ እንዳይሄድበት መፍራት ጀመረ። ሁለቱ ፍርሃቶች አንዲት ላም እንደወለደቻቸው ጥጆች ይመሳሰላሉ። የትኛው ሆዱ ውስጥ እንዳለ ራሱም አላወቀም።

ከዚያ ዝናቡ የበረታበት ክረምት መጣ። ሰውየው ጤፍ ዘርቶ ነበር። ውሃው ማሳው ላይ ተኛ፣ ቡቃያውም ቢጫ ይሆን ጀመር። ስለዚህ ፈሰስ ማውጣት ነበረበት። ፈሰስን አንተ ታውቀዋለህ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ግን ልድገመው። ትርፍ ውሃ እንዲወጣ በተዘራው ማሳ ላይ የሚወጣ ትልም ነው። ደጉ ፈሰስ ጋደም ይላል፤ ውሃውን እያባበለ ወስዶ ሳር ላይ ይለቀዋል። ክፉው ቁልቁል ይወርዳል፤ ውሃውን ያስሮጥና የጎረቤት ድንበር ላይ ይተፋዋል።

ደጉን ፈሰስ ለማውጣት ከጤፉ ምርጥ የሆነውን መሐል ለመሐል መቁረጥ ያስፈልግ ነበር። ቁልቁለቱ ግን አጭር ነው፤ ጤፉንም አይነካም። ሰውየው ቆም ብሎ ማሳውን አየና በልቡ «እርከኑን የካብሁት እኔ፣ ሳሩን የተከልሁት እኔ፣ የአፈር አባት እኔ። እኔ ያወጣሁት ፈሰስ እንዴት አፈር ይጎዳል?» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይመስልህ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ተደብቆ ነበር የሚያርሰው። እሱ በጠራራ ፀሐይ፣ በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ፣ ቁልቁል ወደ ሴትዮዋ ድንበር አረሰው። የሚያስፈራኝም ይህ ነው። የሚደበቅ ሰው ጥፋቱን ያውቀዋል፤ እሱ ግን አላወቀም።

ጥቂት ዝናብ ከጣለ በኋላ ድንበሩ ላይ መዳፍ የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘ። ቆመበት። ከስንጥቁ ሥር ውሃ ሲፈስ ሰማ፤ አፈሩ ከውስጥ እየተበላ ነበር። ያን ጊዜ የአፈሩ ፍርሃት ሆዱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ሮጦ በሬዎቹን ይጠምድ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ቀና ብሎ ያየው ሰው መኖር አለመኖሩን ነው። ከዚያ ገለባና ቅጠል አምጥቶ አለበሰው።

የተሸፈነ ቁስል ይብሳል። በየዝናቡ ስንጥቁ ሰፋ፣ ጠለቀ። ሰውየው ደመና በጠቆረ ቁጥር እየፈራ ወጥቶ ተራራውን ያይ ጀመር። በታች በኩል አፈር ተንዶ ድም ሲል በሰማ ጊዜ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጮክ ብሎ ይስላል፤ ሌላው እንዳይሰማ ይመስለዋል። ሰዎች ስለ እርከናቸው ሊያማክሩት ሲመጡ በላይ በኩል አዙሮ ይወስዳቸዋል እንጂ ወደ ድንበሩ አያስጠጋቸውም። ስለ አፈር ከዕድሜው ሁሉ አብልጦ ያወራው በዚያ ክረምት ነበር።

በታችኛው ማሳ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ተከፈተ። መጀመሪያ የሴትዮዋን ጎመን በላ፤ ከዚያ የገብሱን ጫፍ። አንድ ቀን ላሟ ከነጥጃዋ ገባችበትና ጎረቤት ተጠራርቶ በገመድ አወጣቸው። ቦረቦሩ ግን ወደ ላይም ወደ ጎንም መብላቱን አልተወም፤ በመጨረሻ ከቤቷ ጀርባ ደረሰ። የጓሮው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሴትዮዋ የልጆቿን መኝታ ወደ በሩ አስጠጋች። ዝናብ ሲጀምር ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ታደርግ ነበር፤ እንደ ሐኪም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አገሩ መሰብሰቢያው ሾላ ሥር ተሰበሰበና ነገሩን አነሣ። አንዱ ቀልደኛ «ቦረቦር እንደ አረም ሳይዘሩት ይበቅላል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው፣ ላሟ ውሃ ለመጠጣት የምትወርድበት መንገድ ነው የተቦረቦረው አለ። ቀልደኛው መልሶ «የእሷ አንዲት ላም ይህን ከሠራች የኔ መንጋ ወንዙን ነቅሎ ሱዳን ባደረሰው ነበር» አለ፤ ሰው ሳቀ። ሳቁም ቢሆን የላሟ ነገር ለሁሉም ቀላል ስለነበረ እሱው ጸና። ሴትዮዋ ቤቷን ለቅቃ ወደ ወንድሟ መንደር እንድትሄድ፣ ቦታውም እንዲታጠር ወደ መወሰኑ አዘነበሉ። ወንድሟ ደግሞ ለራሱም የሚበቃ መሬት እንደሌለው የማያውቅ አልነበረም።

የአፈር አባት ከፊት ተቀምጦ ነበር። ሰው ዝምታውን እንደ ጥበብ ቆጠረለት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች። «ልቀቂ ካላችሁኝ እለቃለሁ፤ ግድግዳው ከእናንተ በፊት ነግሮኛል» አለች። «ግን ከእናንተ አንድ ሰው እንኳ ደጄ ድረስ ወርዶ አላየልኝም። ውሃ ሽቅብ አይሄድም። የአፈር አባት እዚህ እያሉ እናንተን ምን አደከማችሁ? አያ፣ እርስዎ ይውረዱና ይዩልኝ። ላምሽ ናት ካሉኝ እሺ ብዬ እሄዳለሁ።»

አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ እኔም ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሰውየው ግን እምቢ ሊል አልቻለም፤ ስሙ አይፈቅድለትም። ተነሥቶ ቁልቁለቱን ወረደ። ተራራው ላይ ደመናው ጠቁሮ ነበር። ሰዉ ተከትሎት መጣና መሬቱ ይናዳል ብሎ ስለፈራ ከላይ ርቆ ቆመ። እስከ ቤቱ የወረደው እሱ ብቻ ነው።

ዕድሜውን ሙሉ የኖረበትን ማሳ ከበታቹ ቆሞ አይቶት አያውቅም ነበር። ምን ሊያደርግ ይወርዳል? ወደ ወንዙ በሌላ መንገድ ነው የሚኬድ። ከገዛ ደጁ ሲያየው ማሳው እንደ ተነጠፈ ሰሌን ነበር፤ እርከኑ ቀጥ ያለ፣ ሳሩ የለመለመ። ከሴትዮዋ ደጅ ቆሞ ቀና ሲል ግን ማሳው በቤቷ ላይ ተንጠልጥሎ አየው፤ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። በመሐሉ የሱ ፈሰስ በጅራፍ የተገረፈ ጀርባ ላይ እንዳለ ሰንበር ቀጥ ብሎ ወርዷል። ጫፉ ላይ አፉን ከፍቷል። ስንጥቁን ያለበሰበት ገለባ ከአፉ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ዝናቡ ላይ ላዩን ማካፋት ጀመረ። ከፈሰሱ አፍ ቀጭን ቀይ ውሃ ተንቆርቁሮ በቦረቦሩ ወረደና እግሩ ሥር ደረሰ። ዝቅ ብሎ አየ። ከውሃው ጋር የመጣ የጤፍ ቡቃያ ጣቶቹ ላይ ተጠምጥሟል። የሱ ጤፍ ነበር። የሱ አፈር ነበር።

«ላሟ ናት» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ከላይ የቆሙት ከዚያ ሆነው ፈሰሱን አያዩትም፤ ደመናው ስለሚያጣድፋቸው አይወርዱም። ያን ቃል ከተናገረ ስሙ ይተርፋል፤ ሴትዮዋም ትሄዳለች። ዞር ብሎ አያት። በሩ ላይ ቆማለች፣ ልጆቿ ቀሚሷን ይዘዋል። ምን አዩ ብላ አልጠየቀችውም። «አያ፣ ከዚያ ጫፍ ራቅ ይበሉ፤ ይናዳል» ነበር ያለችው።

ሰውየው ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዶማዋን አነሣ። ልጆቹን ይዛ ከቤት እንድትወጣ ነገራትና ሽቅብ ወጣ። በሰዎቹ መሐል ሲያልፍ ማንንም አላየም። ማሳው ገብቶ ምርጥ ከነበረው ጤፍ ላይ ቆመና ጋደም ያለ ትልም ወደ ሳሩ መቆፈር ጀመረ። ቡቃያው በቁመቱ እየተገለበጠ ሥሩ ወደ ሰማይ ሆነ። ሰዉ ያበደ መሰለው። አንዱ ተጠግቶ ጤፉን ምን እያደረጉት ነው ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ቀና ሳይል መለሰለት።

«ቦረቦሩ የእኔ ነው። የወጣው ከዚህ ነው። ገለባ ያለበስሁትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ያ ቀልደኛ «እንግዲያ የአፈር አባት ልጁ ይህ ነው?» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ሰውየው ቁፋሮውን አላቆመም። ቀልደኛው ወደ ተራራው አየ፣ ወደ ሴትዮዋ ቤት አየ፣ ከዚያ ጋቢውን አውልቆ እርከን ላይ ጣለና ከነሥሩ የተቆረጠ ሳር እየተሸከመ የፈሰሱን አፍ መድፈን ጀመረ። እየሠራም መስደቡን አልተወም። ሌሎቹም ገቡ።

ዝናቡ ሲወርድ ከውሃው የሚበዛው ወደ ሳሩ ታጠፈ። ሁሉም አልታጠፈም። በዚያው ምሽት የሴትዮዋ የጓሮ ግድግዳ ወደ ቦረቦሩ ወደቀ፤ ከፊት ያለው ተረፈ። እሷና ልጆቿ ውጭ ነበሩ። ግድግዳውን በኋላ አገሩ ተባብሮ ከቦረቦሩ አሽሽቶ ሠራላት፤ ጭድና ጭቃውን ያቦካው ሰውየው ነበር። ቦረቦሩ ግን ዛሬም አለ። ቦረቦር ይቆማል እንጂ አይመለስም።

ስሙም አልተመለሰም። የአፈር አባት ብሎ የጠራው ከዚያ ወዲያ የለም። አንዳንዱ የቦረቦር አባት ይለው ነበር፤ ሰምቶ ሥራውን ይቀጥላል። ያ ሁሉ የሰው ዓይን ፍርሃት ግን ለቀቀው። ደመና ሲጠቁር የሚመጣው ፍርሃት ብቻ እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖረ። እሱ ጠቃሚ ፍርሃት ነው፤ ዶማ ያስይዛል። ሌላኛው ገለባ ነው የሚያስይዝ።

ሰውየው በየዓመቱ የሰኔ ሚካኤል በዋለ ማግስት፣ ዘር ሳይዘራ፣ በባዶ እግሩ ወደ ሴትዮዋ ደጅ ይወርድና ቀና ብሎ ማሳውን ያያል። እሷም «አያ፣ ዘንድሮ ምን ይታይዎታል?» ትለዋለች። ያየውን ይነግራታል። የሳተውን በጣቷ ታሳየዋለች። መጀመሪያ ሰው ሳቀበት። ኋላ አንዱ ወደ ታችኛው ጎረቤቱ ወረደ፣ ሌላውም ተከተለ። እዚያ አገር ከላይ የሚያርስ ሰው ከታች ያለውን ሳይጠይቅ ፈሰስ ማውጣት ነውር ሆነ።

አንማው፣ አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ቆርቆሮህ ያ ስም ነው። ይሠራል፤ የወደቀ ድንጋይ የሚሻገረውን ሰው አጎንብሶ እንዲያነሣ ያደርገዋል። ስለዚህ ጣለው አልልህም። ነገር ግን ሰው ምን እንደሆነ ከገዛ ደጁ ሆኖ አያየውም። የሚያየው የለቀቀው ውሃ ከሚደርስበት ቦታ ቆሞ ነው። ቆርቆሮውን በራሱ በር ላይ የመታ ሰው ጠባቂ ነኝ ብሎ ይተኛል። በተኛበት ያርሳል። ስለዚህ ባለቤቱ አይምታው። ከበታቹ ያለው ጎረቤት ይምታለት፤ ክረምት በመጣ ቁጥርም መንቀል የሚችል እሱ ይሁን።

ይኸው መዶሻውንና ምስማሩን ይዘህ መጥተሃል። ከአንተ ማሳ በታች ያለው የማን ነው? አትጨነቅ፤ የተቀመጥህበት ነው። ካምና ነሐሴ ጀምሮ ጓሮዬ ውስጥ አፈር ድም ሲል እሰማለሁ። ለልጆቼም አልተናገርሁ፤ ለአንተም ፈርቼ ዝም አልሁህ። ሰብሳቢ ነህ፣ የተወደድህ ነህ፤ ሽማግሌው ቀንቶበት ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። አሁን ግን ደመናውን አየሁት።

በል ተነሥ፣ ልጄ። ጫማህን አውልቅ። በጓሮ በር ውጣና ከዚያ ቆመህ ወደ ላይ እይ። እኔ ምንም አልልህም፤ ያየኸውን አንተው ትነግረኛለህ።